«እንግዳ ቢመጣስ?» እያልን የምንጥለው እንጀራ

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ ከጀሞ ኮንዶሚኒየም የመጣ ነው። ጸሐፊዋ «ቤቷ የሞላባት» ብላ ፈርማለች። ረዘም ስለሚል አሳጥሬዋለሁ።

«የሁለት ልጆች እናት ነኝ። እኔም ባለቤቴም ሥራ አለን፤ ደሞዛችን ግን ወሩ ሳይጋመስ ያልቃል። የሚያናድደኝ በየሁለት በየሦስት ቀኑ አንድ ፌስታል ሙሉ ምግብ መጣሌ ነው። የሻገተ እንጀራ፣ የኮመጠጠ ወጥ፣ የጠቆረ ሙዝ። አልጋ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ፣ በረንዳ ላይ ደግሞ ባዶ ሃይላንድ፣ ባሊ፣ የማይለበስ ልብስ ሞልቷል። አምና ኢንተርኔት ላይ አይቼ ሁሉንም ባንዴ ልቀይር ብዬ ተነሳሁ። የመስታወት ዕቃ ገዛሁ፣ ፌስታል ቤት እንዳይገባ ከለከልኩ፣ የምጋግረውን እንጀራ በግማሽ ቀነስኩ። ሁለት ሳምንት አልቆየም። ባለቤቴ ‹ቤቱን እስር ቤት አደረግሽው› አለኝ። አማቴ ድንገት መጥተው መሶቡ ጎድሎ ሲያዩ ‹ልጄን በረሃብ ልትጨርሺው ነው?› አሉ። አፈርኩና ተውኩት። ረቡዕና ዓርብ እኛ እንጾማለን፣ ልጆቹ አይጾሙም፤ እሱም ሌላ ጣጣ ነው። ቀለል ያለ፣ የማይባክንበት ኑሮ እፈልጋለሁ። ከየት ልጀምር? እንግዳ ቢመጣስ? በሚቀጥለው ወር ደግሞ የትንሹ ልጄ ልደት ነው፤ እንደ አምናው ቤቱ በፕላስቲክ ሳህን ሊጥለቀለቅ ነው።»

እህቴ፣ መጀመሪያ ስለ አማትሽ ንግግር። ማፈርሽ ይገባኛል። ግን እሳቸው ያደጉበትን ቤት አስቢው። ጎረቤት ሳይጠራ ይገባል። ዘመድ ከገጠር ሳያስታውቅ ይመጣል። ሲጫወት የዋለ ልጅ የራበው ጊዜ ያገኘው ቤት ገብቶ ይበላል። እዚያ ቤት 30 እንጀራ ተጋግሮ አንድም አያድርም። መሶብ ከጎደለ በእርግጥም የሚራብ ሰው አለ።

ብዙዎቻችን ያንን ልክ እንደያዝን ነው ኮንዶሚኒየም የገባነው። ሰዉ ቀነሰ፣ ድስቱ ግን አልቀነሰም። የእናንተ ቤት ቀኑን ሙሉ ዝግ ነው። ልጆቹ ትምህርት ቤት ይበላሉ፣ እናንተ ሥራ ቦታ ትበላላችሁ። እንግዳም ቢሆን አብዛኛውን ጊዜ ደውሎ ነው የሚመጣው። እንጀራው የሚሻግተው ሰነፍ ስለሆንሽ አይደለም። ለአሥር ሰው እየጋገርሽ አራት ሆናችሁ ስለምትበሉ ነው።

ስለዚህ ምንም ከመግዛትሽ፣ ምንም ከመከልከልሽ በፊት የራስሽ ቤት ስንት እንደሚበቃው እወቂ። አምና ያልተሳካልሽ ይመስለኛል በዚህ ምክንያት ነው። ግማሹን ቀነስሽ፤ ግማሽ ግን ከየት የመጣ ቁጥር ነው? ምናልባት መቀነስ የነበረበት ሩቡ ነበር።

ከእንጀራ ጀምሪ። ሌላውን ለጊዜው ተይው። አንድ ወረቀት ፍሪጁ ላይ ለጥፊና በጋገርሽ ቁጥር ስንት እንደወጣልሽ ጻፊ። ከዚያ ሥሩ የተጣለውን ብቻ ጻፊ። የተበላውን አትቁጠሪ። የሚበላው እንጀራ እየተቆጠረበት መሆኑን ያወቀ ሰው ይሳቀቃል፤ ባለቤትሽን «እስር ቤት» ያሰኘውም እንዲህ ያለ ነገር ነው። ሁለት ሦስት ጊዜ እስክትጋግሪ ድረስ ምንም ሳትቀንሺ መዝግቢ። በአማካይ ስምንት የሚጣል ከሆነ ስድስት ቀንሺ። ሁለቱ ለእንግዳ ይቀመጡ። አማትሽም ሲመጡ መሶቡን ባዶ አያገኙትም።

እንጀራው ቶሎ እንዳይሻግት የምታደርጊውም አለ። ከምጣድ እንደወጣ በእንፋሎቱ ከደራረብሽው በሦስተኛው ቀን ነጭ ነጥብ ያወጣብሻል። ሰፌድ ላይ ነጠል ነጠል አድርገሽ አቀዝቅዢው፣ ከዚያ ደርድሪው። ትኩሱን በአሮጌው ላይ አትጨምሪ፤ አሮጌው ላይ የጀመረ ሻጋታ በቀላሉ ይጋባል። መሶቡ ወይም ባልዲው ከመሞላቱ በፊት ታጥቦ ፀሐይ ይምታው። አንዴ ከሻገተ ግን አትሳሺለት። የታየሽን ነጥብ ቆርጠሽ ቀሪውን ለልጆች መስጠት አይገባም፤ ዓይን የማያየው ሻጋታ ከነጥቡ አልፎ ሄዷል። እሱን ያለ ጸጸት ጣይው። ቁጠባ የሚባለው ከመሻገቱ በፊት ያለው ሥራ ነው።

ሥራውም ድርቆሽ ነው። በሁለተኛው ቀን ማታ መሶቡን ክፈቺና ነገ የማይበላውን ለዪ። በእጅሽ ቆራርሰሽ ሰፌድ ላይ በስሱ አስጪው፣ ነጠላ ጣል አድርጊበት፣ ጠዋት በረንዳ ላይ አውጪው። ማታ ስትመለሺ ገልብጪው። በበጋ ፀሐይ ቶሎ ይደርሳል። በጣትሽ ስትሰብሪው ቀጭ ካለ ደርቋል። ገና የሚለጠጥ ከሆነ ግን አትክደኚው፣ ውስጥ ለውስጥ ይሻግታል። አምና የገዛሻቸው የመስታወት ዕቃዎች ለዚህ ይሆናሉ። ልጆቹ ከትምህርት ቤት ርቧቸው ሲመጡ በቲማቲምና በሽንኩርት ቁሌት አሥር ደቂቃ የማይፈጅ ፍርፍር ነው። ክረምት ላይ ግን በድርቆሽ አትተማመኚ። ፀሐይ የለም፣ እርጥበቱም አያደርቀውም። ከሰኔ እስከ መስከረም የምትጋግሪውን ቀንሺና ቶሎ ቶሎ ጋግሪ።

«ቶሎ ቶሎ ብጋግር መብራቱስ?» ትይኝ ይሆናል። ልክ ነሽ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ ከ3 እስከ 4 ኪሎዋት ይስባል፤ ገና ሳትጋግሪበት እስኪግል ብቻ ብዙ ይበላል። ለአምስት እንጀራ ምጣድ ማጋል ኪሳራ ነው። እኔ በጣም የምወደው መላ ከጎረቤት ጋር መጋገር ነው። አንድ ቀን አንቺ የሁለታችሁን ቤት ትጋግሪያለሽ፣ ከሦስት ቀን በኋላ እሷ ትጋግራለች። ምጣዱ አንዴ ከጋለ ተከታትሎ መጋገሩ ነው የሚያዋጣው። ሁለታችሁም ሁሌ ትኩስ ትበላላችሁ፣ የሚሻግትም አይኖርም። ፎቅሽ ላይ የምትግባቢያት አንዲት ሴት አትጠፋም።

አሁን ወደ ወጡ እንምጣ። «እንግዳ ቢመጣስ?» የሚለው ጥያቄሽ ያለው እዚህ ነው። የእንግዳ ፍርሃት ትልልቅ ድስት ያሠራናል። መፍትሔው ትልቅ ድስት ወጥ ሳይሆን ትልቅ ድስት ቁሌት ነው። እሑድ ረጋ ብለሽ ብዙ ሽንኩርት አቁላዪ፣ ዘይቱንና በርበሬውን ጨምረሽ በደንብ አብስይው። ቅቤ አታስገቢበት። ሲቀዘቅዝ በየቀኑ የሚበቃሽን መጠን እየከፋፈልሽ ፍሪጅ አስገቢ። ማታ ከሥራ ስትገቢ ከአንዱ ሽሮ፣ ከአንዱ ምስር ትሠሪያለሽ፤ ለዚያ ማታ የሚበቃ ብቻ። እንግዳ ደውሎ «መጣሁ» ካለ አንድ ዕቃ ታወጫለሽ፤ ደረጃውን ወጥቶ፣ ተቀምጦ፣ ውሃ ጠጥቶ ሳይጨርስ ሽሮው ይፈላል። ትኩስ ሽሮ ቀርቦለት የተቀየመ እንግዳ አላውቅም። የሦስት ቀን ወጥ ከማቅረብ እጅግ የተሻለ አክብሮት ነው።

ቅቤ የሌለው ቁሌት የጾሙንም ጣጣ ያቀልልሻል። ደብዳቤሽን ሳነብ አንድ ነገር ታየኝ። ማክሰኞ ማታ ሥጋ ወጥ ከሠራሽ ረቡዕ እናንተ አትነኩትም፣ ልጆቹ ጥቂት ይበሉለታል፣ ሐሙስ ማንም አይፈልገውም። ሐሙስ ማታ ብትሠሪም ዓርብ ያው ነው። የፍስኩን ወጥ ቅዳሜና እሑድ ሥሪ፤ ሰኞና ማክሰኞ አልቆ ያድራል። ረቡዕና ዓርብ ሁላችሁም ከአንድ ቁሌት ብሉ። ለልጆቹ ከፈለግሽ በመጨረሻ የእነሱን ቀንሰሽ ቅቤ ጣል አድርጊበት ወይም እንቁላል ጨምሪላቸው። ሁለት ድስት መጣዱ ቀረልሽ። ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት ባለው የቅበላ ሰሞን ደግሞ ፍሪጁን ሥጋ አትሙዪው። 55 ቀን የሚጠብቅ ሥጋ፣ መብራት አንድ ቀን ሙሉ ከጠፋ አለቀለት።

አቀራረብ ላይም ትንሽ ነገር አለ። ትሪ ላይ ከወጣ በኋላ የተነካ ምግብ ወደ ድስት አይመለስም። መሶብና ድስት ውስጥ ያለው ግን ለነገ ይሆናል። ስለዚህ ትሪው ላይ ሁለት እንጀራ ዘርጊና መሶቡን አጠገብሽ አድርጊ። እንጀራው ሳሳ ሲል ወዲያው ጨምሪ። ሰው እየተጨመረለት ሲበላ እንደተከበረ ይሰማዋል። «ብሉልኝ እንጂ፣ በሞቴ» ማለቱም አይቀርብሽም።

ስለ ሙዙ ደግሞ ላንሳ። ባለቤትሽ ማታ ማታ ከመንገድ ገዝቶ እንደሚመጣ ገምቻለሁ፤ የብዙ ቤት አባት እንዲህ ነው። ባዶ እጁን ወደ ልጆቹ መግባት አይፈልግም። እባክሽ ይህን አትንኪበት። «ለምን ትገዛለህ?» ያልሽው ቀን ፍቅሩን ነው የከለከልሽው። ይልቅ ከሥራ ሊወጣ ሲል ደውዪና የጎደለውን ንገሪው። «ሙዝ አለ፣ ዛሬ ሎሚ አምጣልን» በይው። እሱ እንደለመደው እጁን ሞልቶ ይገባል፣ ቤቱ የሚፈልገው ነገርም ይመጣል። አስቤዛ ልትገዢ ስትወጪም ይኸው ነው፤ ከመውጣትሽ በፊት ፍሪጁንና የሽንኩርት ቅርጫቱን አየት አድርጊ። ከምንጥለው ምግብ ቤት እያለን ደግመን የገዛነውም አለበት።

እንጀራውና ወጡ መስመር ከያዙ በኋላ፣ ከወር በፊት ሳይሆን፣ ወደ ፌስታሉ ሂጂ። ይህ ነገር አዲስ እንዳይመስልሽ። አገራችን ስስ ፌስታልን የከለከለችው ገና በ1999 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 513 ነው። በተግባር ብዙም አልታየም። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ጠበቅ ያለ አዲስ አዋጅ አጽድቋል፤ ሻጩን ብቻ ሳይሆን የሚጠቀመውንም ይቀጣል። አንቺን ግን ቅጣት እያሰብሽ እንድትኖሪ አልፈልግም። ወፍጮ ቤት ፌስታል ይዞ የሚሄድ ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ? ሁሉም የራሱን ጆንያ ወይም ባልዲ ይዞ ነው የሚሄደው፤ ማንም አልመከረንም፣ ማንም አያፍርበትም። ጉሊትና ሥጋ ቤትም እንዲሁ ይለመዳል። ዘንቢሉን ከበሩ መያዣ ጋር ስቀዪው። መሳቢያ ውስጥ ከሆነ ትረሽዋለሽ። ለሥጋ ክዳን ያለው ዕቃ ይዘሽ ሂጂ፣ ሥጋ ቆራጩ ሚዛኑ ላይ ያስተካክልልሻል። ጉሊት ስትደርሺ ደግሞ መደቡን ከመምረጥሽ በፊት ዘንቢሉን ክፈቺላት፤ እጇ ወደ ፌስታሉ ከሄደ በኋላ «አይ፣ ተይው» ማለት ያስቸግራል። ለዚህ ብለሽ አዲስ የጨርቅ ቦርሳ አትግዢ። ቤትሽ ካለው አሮጌ አንሶላ ጥሩ ይሰፋል።

አልጋ ሥር ያለውን ክምችት ባንድ ቅዳሜ ለመጨረስ አትሞክሪ። ሃይላንዱ፣ ጠርሙሱ፣ ብረቱ ገዢ አለው። ቆራሌው በሰፈራችሁ ማለፉ አይቀርም፤ በአንድ ጆንያ እየሰበሰብሽ ጠብቂው። እሱ የወሰደው ዕቃ ብዙው መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል። እዚያ ቆርቆሮው ምድጃ ይሆናል፣ በርሜሉ ተቀጥቅጦ ሌላ ዕቃ ይወጣዋል። አንድ ቀን ልጆቹን ይዘሽ ብታሳያቸው ደስ ይለኛል። መዶሻው፣ ቆርቆሮው፣ የሰዎቹ የእጅ ሙያ፤ ዕቃ ሞተ የሚባለው ስንት ጊዜ ከተነሣ በኋላ እንደሆነ እዚያ ነው የሚገባው። ልብሱን በተመለከተ ልዋጭ ይዘው ከሚመጡት ተጠንቀቂ። አሮጌ ልብስ ሰጥተሽ አራተኛ ሳፋ ከተቀበልሽ ቤቱ አልቀለለም። የሚለበሰውን ለሚለብስ ሰው አጥበሽ ስጪ፤ ዚፑ የተበላሸውንና ጠርዙ የተተረተረውን ሰፈራችሁ ያለ ልብስ ሰፊ ጋ ውሰጂ።

የቆሻሻ ዕቃችሁን ግን ዛሬውኑ ሁለት አድርጊው። አንዱ የምግብ ትርፍና ልጣጭ፣ ሌላው ደረቅ ነገር። ወጥ የነካው ካርቶን ወይም ሃይላንድ ማንም አይገዛውም፤ ደረቁ ግን ለሰብሳቢዎቹ ልጆች ገቢ ነው። ይህን በጣም የምገፋው በምክንያት ነው። ከእናንተ ሰፈር ብዙም የማይርቀው ቆሼ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተውበታል። ከጎኑ ቤት ቀልሰው የሚኖሩ ቤተሰቦች ነበሩ፣ ሕፃናትም ነበሩበት። ያ ተራራ የተቆለለው የመላው ከተማ ሕዝብ ለአሥርት ዓመታት ከቤቱ ባወጣው ቆሻሻ ነው። ከከተማችን ቆሻሻ አብዛኛው ደግሞ ከጓዳ የሚወጣ፣ የሚበሰብስ ነገር ነው። ለዚህ ነው የጣልሽው እንጀራ የኪስሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም የምልሽ።

የውሃና የመብራቱን ነገር ብዙ አላስረዝምም፤ ውሃ በፈረቃ የሚያገኝ ሰው ከእኔ በላይ ያውቃል። የልብስ እጣቢውን ለሽንት ቤት፣ የአትክልት እጣቢውን ለአበባ። የቡናውን አተላ ማጠቢያ ውስጥ አትድፊው፣ ቱቦ ይደፍናል፤ አበባው አፈር ላይ በስሱ በትኚው።

አማትሽን ደግሞ ከአንቺ ወገን አድርጊያቸው። በሚቀጥለው ሲመጡ ድርቆሹን አሳያቸውና «እማዬ፣ እርስዎ ጋ እንዴት ነበር የሚያደርቁት? የእኔ አንዳንዴ ይሻግትብኛል» በያቸው። እውነትም የሚያውቁት ነገር አለ፤ ድርቆሽ፣ ቋንጣ፣ የእህል አቀማመጥ፣ ልብስ መጣፍ። ይህን ኑሮ ከኢንተርኔት ቀድመው የኖሩት እሳቸው ናቸው። ልጆቹ ፊት ይንገሩሽ። ባለቤትሽም እናቱ ያስተማሩትን ነገር «እስር ቤት» አይለውም።

ስለ ልደቱ። እድራችሁን ጠይቂ። እድር ድንኳኑን፣ ወንበሩን፣ ሳህኑንና ብርጭቆውን የገዛው እያንዳንዱ ቤት ለዓመት አንድ ቀን ብሎ እንዳይገዛ ነው። ብዙዎቹ ለለቅሶ ብቻ ሳይሆን ለደስታም በትንሽ ክፍያ ያከራያሉ። የኮንዶሚኒየማችሁ እድር የማይሰጥ ከሆነ ከሦስት ጎረቤት ሳህን ተዋሺ፤ ሥሩ ላይ በጥፍር ቀለም ምልክት አድርጊበት፣ ሳይቀላቀል ይመለሳል። የታሸገ ውሃ በካርቶን ከመግዛት አንድ ትልቅ ጆግ ብርዝ ወይም የሎሚ ጭማቂ በጥብጪ። ልጆች ሲጫወቱ ብርጭቆ ይሰበራል ብለሽ ከፈራሽ ቤት ያሉትን የፕላስቲክ ኩባያዎች አውጪላቸው፤ ታጥበው ለከርሞ ይቀመጣሉ። የተጠሩትን ልጆች ቁጠሪና ድፎውን በዚያ ልክ አስጋግሪ። የተረፈውን ለመጡት እናቶች ሲወጡ በየእጃቸው ስጪያቸው፤ ዕቃ ይዘው እንዲመጡ ቀድመሽ ንገሪያቸው። ለሳህኑ ግን እድሩን ከአሁኑ አናግሪ፤ በሠርግ ወቅት ቶሎ ይያዛል።